አንድ ኩሽኔታ ቢተርፈኝ

ሌባ ገብቶ ዕቃ ጨመረብኝ ብል ማን ያምነኛል? ያኔም ያመነኝ አልነበረም። ሰው የሚያምነው የለመደውን ሌባ ነው፤ ባዶ እጁን ገብቶ ተሸክሞ የሚወጣውን። የኔው ሌባ ተሸክሞ ይገባና ባዶ እጁን ይወጣል። እንዲህ ያለውን ለጠላትም አይስጥ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ፤ አለበለዚያ እናንተም እንደ ኮሚቴው ትጠረጥሩኛላችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ጉለሌ ውስጥ፣ ከጳውሎስ ከፍ ብሎ በነበረ አንድ የካልሲ ፋብሪካ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ፋብሪካው የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው፤ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ግን የሚንጠለጠለው ከኔ ወገብ ላይ ነው። ሰፊው ሕዝብ አንዲት ብሎን ሲፈልግ በፍርግርጉ መስኮት ጎንበስ ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ "የለም" እለዋለሁ። ሹራብ ሠሪ ሹራብ ይሠራል፣ አናጢ ያንጻል፣ እኔ የለም እላለሁ። ኖሮም የለም እላለሁ፣ ሳይኖርም የለም እላለሁ፤ ያው ሳይኖር ስል ትንሽ አዝናለሁ። በሥራዬ ተመስግኛለሁ እንጂ ተወቅሼ አላውቅም ነበር።

በዚያ ላይ የጥገና መርሐ ግብር የማወጣውም እኔ ነበርኩ። ሁለት ሳምንት ሴሚናር ተልኬ ዕቅዳዊ ጥገና የሚባል ነገር ተምሬ መጣሁ። ስመለስ ግድግዳውን የሚያክል ሰንጠረዥ በሦስት ቀለም ሠራሁ። አረንጓዴ ደኅና ነው፣ ቢጫ ተራው ደርሷል፣ ቀይ ቆሟል። የትኛው መኪና በየትኛው ወር እንደሚጠገን ሰንጠረዡ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ መኪኖቹ ግን ሴሚናሩን አልተካፈሉም። የሥራ አስኪያጁ መኪና እንደ ሰጋር በቅሎ እየሄደ ሳለ ተራው ደረሰ ተብሎ ሞተሩ ተፈታ። ሲገጠም አራት ብሎን ተረፈ። ዋናው መካኒክ ጋሽ ወርቁ፣ ፀጉራቸው በግራሶ መሃል የሸበተ ሰው ናቸው፣ ብሎኖቹን አገላብጠው አይተው ድሮም አያስፈልጉም ነበር አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ጠዋት ተገፍተው ነው ሥራ የሚገቡት።

የሠራተኞች ሰርቪስ ግን ባሰ። ለግንቦት የተመደበለትን ጥገና ሳይጠብቅ በኅዳር የኋላ እግሩ ኩሽኔታ ተሰባበረ። ኩሽኔታ ማለት ጎማው እንደ ልቡ እንዲሽከረከር የምታደርግ፣ ውስጧ የብረት ፍሬ የተደረደረባት ቀለበት ናት፤ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ነገር ጠፍታ አርባ ሰው የሚያስቀምጥ አውቶቡስ ከጥገና ክፍሉ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተሰቀለ። እኔም ከዕቅድ ውጭ በመበላሸቱ ቅር እያለኝ ቀይ ቀባሁትና "መለዋወጫ በመጠባበቅ ላይ" ብዬ ጻፍኩበት። እጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው፤ ይህን ጠላቴም አይክደኝ።

በዚህ ነገር ከሁሉ የተጎዱት እትዬ አየለች ነበሩ። እትዬ አየለች የካልሲ አፍ በሚሰፋበት ክፍል ቀኑን ሙሉ ቆመው ይሠራሉ። ግራ እግራቸው ያብጣል። ቤታቸው ቁስቋም ነው። የቁስቋምን ዳገት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ደግሞ ጉልበታችሁን አመስግኑ። ሐኪም ዳገት አይውጡ ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ ሐኪሙን እሺ ብለው፣ መድኃኒታቸውን ይዘው፣ ዳገቱን ወጥተው ቤታቸው ገቡ። ሌላ ምን ያድርጉ?

ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ከመግባታቸው በፊት፣ በመስኮቴ ብቅ ይላሉ። ሰርቪሱስ ይሉኛል። በመጠባበቅ ላይ ነው እላቸዋለሁ። ማንን ነው የሚጠብቀው ይላሉ። መለዋወጫ ነዋ፣ እላለሁ። አንድ ሰኞ ብቻ፣ የጫማቸውን ማሰሪያ ፈታ እያደረጉ፣ "እኛስ ማንን እንጠብቅ?" አሉኝ። ለዚህ የሚሆን ቅጽ ስላልነበረኝ መስኮቱን ዘጋሁ። ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ሰነበትን።

ሰኔ ሲገባ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። የዓመቱ ቆጠራ ደርሷል፤ አጣሪ ኮሚቴ ይመጣል። ይህ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ኮሚቴው ዘንድሮ ግምጃ ቤት ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውን ቁም ሣጥን፣ የመካኒኩን የመሣሪያ ሣጥን፣ የመኪናውን ወንበር ሥር ሁሉ እንደሚፈትሽ መጻፉ ነው። የተከማቸ ዕቃ የተገኘበት አሻጥረኛ ነው ይላል። አሻጥረኛ የሚለው ቃል ያኔ እንዲህ እንደዛሬው ሰው እየሳቀ የሚናገረው አልነበረም። አንዴ ከተለጠፈብህ ማታ ቤትህ እንደምትገባ እርግጠኛ አትሆንም።

እኔ ግን አልፈራሁም። የኔ ዕቃ ከነካርዱ ነው። ምስማር እንኳ የራሷ ካርድ አላት። የገባው በሞዴል 19፣ የወጣው በሞዴል 22፤ ሁለቱን ስታቀናንስ የሚተርፈው መደርደሪያው ላይ ያለው ነው። ደብዳቤውን አንብቤ በሌሎቹ እየሳቅኩ ሻዬን ጠጣሁ። ሰው በሰው ሲስቅ እግዜር ምን እንደሚያደርግ እናንተም ታውቃላችሁ።

የሚቀጥለው ሰኞ ነበር። ገና በሩን ከፍቼ ስገባ፣ ከኋላ መስኮቱ ሥር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ወድቆ አየሁ። ፈታሁት። አዲስ፣ ግራሶዋ ያልተነካ፣ የሰርቪሱ የኋላ እግር ኩሽኔታ! ካርዷን አወጣሁ፤ ዜሮ ይላል። እንደገና አየሁት፤ አሁንም ዜሮ ይላል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ደስ ሊልህ በተገባ ነበር ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ግምጃ ቤት ሠርታችሁ አታውቁም። ዕቃ ቢጎድል ትከፍላለህ፤ መክፈል ያልቃል። ዕቃ ቢተርፍ ግን ታስረዳለህ፤ ማስረዳት አያልቅም። ከየት መጣ? ወጣ ብለህ የፈረምከው ሳይወጣ ቀርቶ ነው? ለማን ልትሸጠው ነበር? ከጎረቤታችን መሥሪያ ቤት አንድ የግምጃ ቤት ሰው ስለ ሦስት ትርፍ ጎማ እንዲያስረዳ ተጠርቶ ሄዶ ነበር፤ ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ ዓመት ሆናት። ሞዴል 19 ቆርጬ ላስገባው ብዬ ደግሞ አሰብኩ። ቅጹ ከማን ተረከብክ ይላል። ከእግዚአብሔር ብዬ እንዳልጽፍ ዘመኑ አይፈቅድም።

ይህን ሳሰላስል እትዬ አየለች በመስኮቱ ብቅ አሉ። ኩሽኔታዋን ጭኔ ላይ እንዳለች በጋዜጣው ሸፈንኳት። ሰርቪሱስ አሉ። "በመጠባበቅ ላይ ነው" አልኳቸው። ግራሶው ሱሪዬን እያረጠበው ነበር። ካርዱ ዜሮ ነው ካለ ዜሮ ነው፤ ዜሮን አውጥቼ ልሰጥ አልችልም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ያን ቀን ሁለቱንም ነበርኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ማክሰኞ ሁለት የሞተር ቺንጋና አንድ የናፍጣ ፊልትሮ ገብተው አደሩ። ረቡዕ የፍሬን ሸራ ከነሣጥኑ። ሐሙስ ሌላ ኩሽኔታ፣ አምስት አምፖልና፣ ሌላ መጣያ ያጣ ሰው የጣለው ይመስለኛል፣ ግማሽ ጥቅል የኤሌክትሪክ ሽቦ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዉ ሁሉ ለክፉ ቀን ብሎ በየሣጥኑና በየወንበሩ ሥር የቀበረውን፣ ፍተሻ መጣ ሲባል፣ በኋላ መስኮቴ እየወረወረ ነው! ሰባት ወር የለም ያልኩት ዕቃ እውነትም ከኔ ዘንድ አልነበረም፤ ከሁሉም ሰው ዘንድ ነበር። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

የካሚዮኑን ሾፌር በላይን ጠረጠርኩ። የሱ ካሚዮንና ሰርቪሱ ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው፤ ኩሽኔታቸው አንድ ነው። በላይ ደግሞ ክፍለ ሀገር ስለሚወጣ መንገድ ላይ እንዳይቀር ሁለት ሁለት ሳይቀብር አይቀርም። ጠርቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ወንድም ለመንኩት። የሰጠኸኝን መልሰህ ውሰድልኝ አልኩት። በላይ ዓይኑን ሰማይ ሰቅሎ፣ እሱ ለሌለ ዕቃ እንደማይፈርም፣ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ለታማኝ ሠራተኛ ማቅረቤ እንዳሳዘነው ነገረኝ። እውነትም ያዘነ ይመስል ነበር።

ቤቴ ልውሰደው እንዳልል በሩ ላይ ሰው ሲወጣ ይፈተሻል። ሲገባ ማንም አይፈትሽም፤ ማን ጅል አስገብቶ ይሰጣል? ወንዝ ልጣለው አልኩ፤ ወንዙም ያለው ከበሩ ውጭ ነው። ግቢው ውስጥ ልቅበረው አልኩ፤ ክረምቱ መሬቱን አጨቅይቶት ቆፍሬ የሸፈንኩት ሁሉ ከሩቅ ይታያል። ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ። ባለቤቴ ሌላ ሴት የያዝኩ መስሏት አኩርፋ ሰነበተች። ኩሽኔታ ነው የያዝኩት ብዬ እንዳልነግራት፣ ያ ደግሞ ይብስባት ነበር።

አርብ በምሳ ሰዓት ሰንጠረዤ ፊት ቆሜ ሳለ መላው መጣልኝ። ኮሚቴው የሚፈትሻቸውን መኪኖች ዝርዝር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት የሚሄዱት ብቻ ናቸው። ቀይ የተቀባ መኪና መኪና አይደለም፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እንግዲያው ከሰርቪሱ የተሻለ መደበቂያ የት ይገኛል? ሠራተኛው ምሳ ላይ እንዳለ፣ ዕቃውን በካልሲ ካርቶን እየሞላሁ፣ አራት ጊዜ ተመላልሼ፣ የሰርቪሱ የኋላ ወንበር ላይ ደረደርኩት። ስጨርስ በብልሃቴ ተደስቼ ላቤን ጠረግኩ። ከዚያም "በቆጠራ ምክንያት ተዘግቷል" የሚል ማስታወቂያ በቆንጆ ጽሑፌ ጽፌ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩና መደርደሪያዬን ሳጸዳ ሰነበትኩ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ጋሽ ወርቁ ዝናብ ሲያካፋ ምሳቸውን የሚበሉት ሰርቪሱ ውስጥ ነው።

ጋሽ ወርቁ ምን እንደተሰማቸው ኋላ ላይ ነገሩኝ። ቅዳሜ የምሳ ዕቃቸውን ይዘው ሲገቡ፣ ኩሽኔታው፣ ቺንጋው፣ ፊልትሮው፣ ሸራው፣ ሁሉም በሥርዓት ተደርድሮ ጠበቃቸው። ይህ ልጅ ለካ ሰው ነው አሉ፤ ይህ ልጅ እኔ ነኝ። በግልጽ መስጠት ፈርቶ በዘዴ ሰጠኝ ብለው ደመደሙ። ሊጠይቁኝ አስበው ነበር፤ ግን እኔን የጠየቀ የሚያገኘውን መልስ ስለሚያውቁ ተዉት። ሁለት ሰው ጠርተው ሥራ ጀመሩ። ያን ጊዜ እኔ ተቆልፌ ምስማር እቆጥራለሁ።

ኮሚቴው ማክሰኞ መጣ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ተካልኝ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ የማያወርዱ ሰው ናቸው። ሁለት ቀን ቆጠሩ። የሠራተኛው ሣጥን ተፈትሾ ከምሳ ዕቃ በቀር አልተገኘበትም። የሾፌሩ የበላይ ወንበር ሥር ተጠርጎ፣ ታጥቦ ነበር። የኔ ግምጃ ቤት ደግሞ ከካርዱ ጋር ልክ በልክ ሆነ፤ አንድ አልተረፈ፣ አንድ አልጎደለ። ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ጓድ ተካልኝ "ትርፍም ጉድለትም የለም" የሚለውን ሰነድ ዘረጉልኝ። ብዕሬን አነሳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀለል ብሎኝ አያውቅም።

ውጭ ጥሩንባ ተነፋ። እልልታም ተከተለ።

ስንወጣ ምን እናይ? ሰርቪሱ ግቢው መሃል ነው። ባትሪው ስለሞተ ሴት ሠራተኞቹ ከሥራ ሲወጡ ገፍተው አስነስተውት፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው እየሳቁ ይሳፈራሉ። ጋሽ ወርቁ መሪውን ይዘው እንደ ሙሽራ ተኮፍሰዋል። እትዬ አየለች ቀድመው ገብተው ተቀምጠዋል። እኔ የግምጃ ቤቱን በር ተደግፌ ቀረሁ።

ጓድ ተካልኝ ዝናቡን ከቁብ ሳይቆጥሩ ሄደው ከአውቶቡሱ ፊት ቆሙ። የኔን የመኪና ዝርዝር አወጡ። "ይህ መኪና ቆሟል" አሉ።

"አሁን ነው የቆመው" አሉ ጋሽ ወርቁ በመስኮቱ። "እርስዎ ፊቱ ስለቆሙበት።"

ጓድ ተካልኝ አልሳቁም። መኪናው በሰነድ የቆመ መሆኑን፣ የቆመውም ኩሽኔታ ስለሌለ መሆኑን፣ ግምጃ ቤቱም አሁን ተቆጥሮ ኩሽኔታ እንዳልወጣ መረጋገጡን አንድ በአንድ አስረዱ። እንግዲህ ያለ ኩሽኔታ እንዴት ሄደ? ሁሉም ወደኔ ዞረ። ኩሽኔታ ነበረ ብል ደብቄያለሁ። አልነበረም ብል አርባ ሴት የጫነው ይኸው ፊቴ ላይ ያጓራል። ሰባት ወር ሙሉ አፌ ላይ የነበረችው "የለም" ያን ቀን ጠፋችብኝ። ጋሽ ወርቁ አዩኝ፤ ማን እንዳስቀመጠው ያውቃሉ፣ አንድ ቃል ግን አልተነፈሱም። በላይ ጫማውን ያያል።

ጓድ ተካልኝ ወሰኑ። ነገሩ እስኪጣራ ኩሽኔታው ተፈትቶ ይታሸጋል፤ መኪናውም ወደ ነበረበት ይመለሳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። ሴቶቹ ማጉረምረም ጀመሩ።

ከሁሉ ቀድመው የወረዱት እትዬ አየለች ናቸው። አልጮሁም፣ አልተራገሙም፣ እኔንም አላዩኝም። ነጠላቸውን ከዝናቡ ተከናንበው፣ ያንን እግራቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ ማዝገም ጀመሩ፤ ይህ እንደሚሆን ቀድሞውንም የሚያውቁ ይመስሉ ነበር። ቢሰድቡኝ ኖሮ ዝም እል ነበር፣ እሱን ለምጄዋለሁ። እንደዚያ ሲሄዱ ግን አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ የማውቅ አይመስለኝም፣ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ አፈርኩ።

"ኩሽኔታው ትርፍ ነው" አልኩ። "ከካርድ ውጭ ነው። የደበቅኩት እኔ ነኝ።"

"ከየት አመጣኸው?" አሉ ጓድ ተካልኝ፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው።

"ያመጣውን አላውቅም። የደበቀው ግን ይኸው ቆሟል። መኪናውን ይልቀቁትና እኔን ያሽጉኝ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ሲፈካ አየሁ። ጥፋተኛ ያገኘ ኮሚቴ ኩሽኔታ ምን ያደርግለታል? ስሜን ከነአያቴ ጻፉ፣ ከመኪናው ፊትም ዞር አሉ። አንዷ ልጅ ሮጣ እትዬ አየለችን ከበሩ መለሰቻቸው። ሰርቪሱ ወጣ፤ እኔ ወደ ቢሮ ገባሁ።

አንድ ወር ያህል አስረዳሁ። ሂስና ግለ ሂስ በውይይት ክበብ ሲካሄድብኝ እጁን ቀድሞ ያወጣው በላይ ነበር። ዕቃ የሚያከማቹ ሰዎች አብዮቱን እንዴት እንደሚያደሙ እንዲህ አምሮለት ሲናገር፣ እኔ ራሴ ተነክቼ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። አንድ ነገር ብቻ ረዳኝ፤ የሸጥኩት አልነበረም፣ ካርዱም ላይ የጎደለ አልነበረም፣ ኩሽኔታዎቹም በመጨረሻ "በቆጠራ የተገኘ ትርፍ" ተብለው ሞዴል 19 ተቆረጠላቸው። ከማን ተረከብክ በሚለው ላይ የኔ ስም ገባ። ስንቅ የማመላለስ ዕጣ ለባለቤቴ አልደረሳትም። ግምጃ ቤቱን ግን ተነጠቅሁ። ሰንጠረዤን የወረሰው ሰው ሲረከብ ሦስት ቀለም አይበቃም ብሎ አራተኛ ጨመረበት አሉ።

እኔን ዘበኛ አደረጉኝ። ወንበር የለም፣ ሻይ የለም፣ ካፖርት አለ፤ እሱም ከኔ በፊት የነበረውን ዘበኛ የሚያስታውስ ጠረን አለው። ሥራዬ በር መክፈትና መዝጋት ነው፤ ለመክፈት ቅጽ አይጠየቅም፣ መጀመሪያ ላይ ይህ ራሱ ያስደነግጠኝ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰርቪሱ ይመጣል። ሴቶቹ በመስኮት ይዘባበቱብኛል፤ ጓድ ኩሽኔታ ይሉኛል፣ አይከፋኝም። እትዬ አየለች ብቻ ናቸው አንድም ቀን ሰላም ብለውኝ የማያውቁት። ስፌት ክፍሉ ፊት ተሳፍረው በሩ እስኪደርሱ ጫማቸውን አውልቀው፣ ራሳቸውን መስተዋቱ ላይ ጣል አድርገው፣ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ሰርቪሱን የሚነዱትን ጋሽ ወርቁን ጥሩንባ አይንፉ ብያቸዋለሁ፤ ቀድሜ እከፍታለሁ።